አትፍሩ፣ ንኩት

ሰው አንዲት ቁልፍ ለመንካት ለምን ይህን ያህል ይፈራል? ከባሕር ማዶ ተምሮ የመጣውን የሲስተም ኃላፊ ነገሩ ገርሞታል። ዛሬ ሠራተኛው ሁሉ አዲሱን የኮምፒዩተር ሲስተም ካልጀመረ የኃላፊው ውል አይታደስም፤ የመዝገብ ቤቷ እትዬ አስካለ ግን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀዋል።

«ቢበላሽስ፣ ልጄ?»

«አይነክስም፣ እትዬ! ሰው መሰረዙም መመለሱም በአንድ ንክኪ ነው» አለና ለምሳሌ ያህል ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር የራሱን ስም መርጦ «ሰርዝ» የሚለውን ነካ።

ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቀው። እርግጠኛ ያልሆነበት ቀን ስላልነበረ «አዎ» አለ። ሲስተሙ አመስግኖ አስወጣው።

«ነከሰህ እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ።

ለሥልጠና የተሰበሰበው ሠራተኛ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊውም ሌላ ምን ያድርግ፣ አብሮ ሳቀ። ላቡን እየጠረገም ከመግቢያው ገጽ ላይ «እባካችሁ መልሱኝ» የሚል የእርዳታ መልእክት ላከ።

መልእክቱን ከፍቶ የመመለስ ሥልጣን የተሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለእሱ።