የአፈሩ ሌባ

ኢንጂነር ይድነቃቸው የናይሮቢን መንገድ ለማዳን ቆርጦ ተነስቷል። ናይሮቢ አድነኝ አላለችውም፤ እሱ ግን ጥያቄ የሚጠብቅ ሰው አይደለም።

ዘዴው ቀላል ነው። ሬንጁ ላይ ጥቂት ፖሊመርና ጥቂት ሸክላ አፈር ይጨመራል። ፖሊመሩ ሬንጁን እንደ ላስቲክ እንዲለጠጥ ያደርገዋል፤ አፈሩ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው እንዳይቀልጥ ያጠነክረዋል። የቀጠረው ኩባንያ ዌስትላንድስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሃያ ሜትር መሞከሪያ ሰጥቶታል። ሃያው ሜትር ከጸና ኮንትራቱ ይታደሳል፤ ካልጸና ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ይገባል።

የቢሮውን መጋዘን ስለማያምን ከአፋር ያስመጣውን አሥራ አምስት ኪሎ አፈር ኪሊማኒ ሰፈር ያለው አፓርታማው ውስጥ አስቀመጠ። ያስቀመጠበት ሦስተኛው ክፍል ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከሠናይት ጋር ሲጋቡ፣ «ለልጅ» ተብሎ የተያዘ ነው። ልጅ ስላልመጣ ሬንጅ ገባበት።

አፈሩ መጉደል ጀመረ። በሳምንት ሩብ ኪሎ ያህል።

ይድነቃቸው ጆንያውን እሑድ አመሻሽ ላይ ብቻ ይመዝን ነበር። ምክንያቱም እሑድ እሑድ ስምዖን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ምሳ ሊበላ ይመጣል። ስምዖን የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ነው፤ አሁን የሚሠራው ግን ተፎካካሪ መንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ ነው።

«ዛሬ የመኪናው ጃም አይጣል ነው!» እያለ ይገባና ትልቁን የጀርባ ቦርሳውን ሦስተኛው ክፍል በር ሥር ይጥላል።

አንድ እሑድ ጉርሻውን እንደዋጠ ጠየቀ። «አፈሩ ግን ስንት ፐርሰንት ነው?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ወሬ ነው እኮ፣ ራፊኪ!» አለ፤ በስዋሂሊ «ወዳጄ» ማለቱ ነው።

ይድነቃቸው ፈገግ አለ። ጥያቄውን ግን በልቡ መዘገበ።

ውዱ ፖሊመር አንዲት ፍሬ አልጎደለም። የተነካው ርካሹ አፈር ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ግራ ይጋባ ነበር። ኢንጂነሩ ግን ወዲያው ገባው፤ ሌባው ባለሙያ ነው።

ለሠናይት አልነገራትም። እሷም ሰሞኑን ነገረ ሥራዋ ሁሉ ተለዋውጧል። «ሬንጅ ሬንጅ ትሸታለህ» ብላ ሶፋ ላይ እንዲተኛ ፈርዳበታለች። ሽንኩርት ማቁላላት ስለተወች ምሳው ከታች ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ይመጣል። ዝናብ ሲጀምር በረንዳ ላይ ወጥታ ሽታውን እየማገች ቆማ ትቀራለች። የሳይንስ ሰው ሚስት መሆን ከባድ ነው ብሎ አዘነላት።

በስምንተኛው እሑድ ስምዖን ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመበት።

«ቦርሳህን ክፈት።»

«ምን ጠፋብህ?»

«አፈሬ!»

ስምዖን ቦርሳውን ገለበጠው። ነጠላ፣ ጃንጥላና የስልክ ቻርጀር ወደቁ። አፈር የለም። ይህም ለይድነቃቸው ማስረጃ ሆነ፤ ባለሙያ ሌባ ማስረጃ አይተውም።

«ሃያ ዓመት አብረን በላን» አለ ስምዖን፣ እንባው ቀድሞት። «ለአፈር ነው እንዲህ የምታደርገኝ?»

ሠናይት እንደ ሰሞኑ ልማዷ ምሳ በልታ ተኝታ ስለነበር ምንም አልሰማችም። በማግስቱ ይድነቃቸው ለስምዖን አለቃ ሁለት ገጽ ኢሜይል ላከ፤ «የኢንዱስትሪ ስለላ» የሚለውን አስምሮበታል። በሳምንቱ ስምዖን ከሥራው ተባረረ። ይድነቃቸው ለሠናይት «አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ» አላት። «ሳይሰናበተኝ?» ብላ አለቀሰች።

ኢሜይሉን የላከ ዕለት የቀረው አፈር አሥራ ሦስት ኪሎ ብቻ ነበር። ይድነቃቸው እየተራገመ ያንኑ በዕለቱ ቀላቅሎ አነጠፈው። ዝናቡም፣ ፀሐዩም፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስም ሁለት ሳምንት ተፈራረቁበት። መንገዱ ቦይ አልሠራም፤ አልተሰነጠቀም። ለካ አሥራ አምስቱም ኪሎ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሬንጁን ያደርቀው ነበር። ኮሚቴው አጨበጨበ፤ ኮንትራቱም ታደሰ።

ሌባ ሰርቆ እንኳ ያልጣለው ሰው መሆኑን እያሰበ፣ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ።

ሠናይት ሦስተኛውን ክፍል ጠርጋ፣ ባዶውን ጆንያ አጣጥፋ፣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ፅንሱ እንዳይጨናገፍ ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ፤ ይኸው አራት ወር ሞላኝ» አለችው እያፈረች፣ «ሐኪሟ አፈር መብላቱን ተዪ ብላ ተቆጥታኛለች፣ ግን አምሮት ነው ምን ላድርግ፤ ይልቅ ለስምዖን ደውልለት፣ ወንድ ከሆነ ክርስትና የሚያነሳልን እሱ ነው።»