የኮሌታው ቁጥር

"ከአጎዋ ብንወጣ አንሞትም" አለ ከበላይ የመጣው ኃላፊ፣ ሰበታ ያለው የልብስ ፋብሪካ ለሚያሰናብታቸው ሠራተኞች። "የአሜሪካን ገበያ ብናጣም ክብራችንን አንሸጥም። ትንሽ ቻል አድርጉት።"

ከሚሰናበቱት አንዷ ብርቅዬ የምትሰማው የኃላፊውን ሸሚዝ ኮሌታ እያየች ነበር። ስምንት ዓመት እዚያው ጥራት ስትቆጣጠር ኖራለች። ተነሥታ ሄደችና እጇ እንደለመደው ኮሌታውን ገለበጠችው። የራሷ የተቆጣጣሪነት ቁጥር፣ ሠላሳ አራት፣ በቀይ ታትሞበታል።

"ይሄ ወደ ውጭ ብቻ የሚላክ ሸሚዝ ነው" አለች። "እኛ ማታ ስንወጣ ጡት መያዣችን ሳይቀር ይፈተሻል፤ አንዲት ቁልፍ ይዘን ወጥተን አናውቅም። እርስዎ ይሄን በየት በር አወጡት?"

ኃላፊው ኮሌታውን በእጁ ሸፈነ። ከሠራተኞቹ ጋር የቆመችው፣ ማታ በር ላይ የምትፈትሻቸው ሴት ግን ከሱ ቀድማ አንገቷን ደፍታ ነበር።