የሙከራዋ መስመር

አብደላ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤት ባስጠራው ቁጥር፣ ክዳን ከመክፈቱ በፊት በየመኪናው ላይ አንዲት መስመር ይመታል፦ «ኢትዮጵያ ትቅደም»።

ያን ቀን የመጀመሪያው መኪና ሌላውን ሁሉ ውጦ «ደም» ብቻ ጻፈ። አብደላ ባለቀለሙ ጥብጣብ፣ ሪባኑ፣ ደርቆ ነው ብሎ ወደ ሁለተኛው ዞረ። የዚያኛው ሥሪቱም የፊደል አቀማመጡም ሌላ ስለሆነ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስሕተት ሊሳሳቱ አይችሉም። ሁለተኛውም መኪና ግን «ደም» ብሎ ጻፈ።

«ጋሽ አብደላ፣ ይህን የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ካየው አለቀልን» አለች ታይፒስቷ ዘርፌ፣ አፍንጫዋን ይዛ። «ደግሞ ይሸታል።»

እውነትም እንደ ሰነበተ ሥጋ ይሸታል። አብደላ ወረቀቱን መዝዞ አወጣና ሌላ ሊያስገባ ሲል፣ ፊደሉን የነካበትን ጣት እንደ ልማዱ በምላሱ አራሰ። ጨው ጨው፣ ብረት ብረት አለው። ለብ ያለም ነበር። ደጋግሞ ተፋ። በዚህ አፍ እንዴት ሶላት ይቆማል?

«ምን ዓይነት የበከተ ቀለም ነው የምትገዙት?» አላት።

«የምን ቀለም? ሪባን ካለቀብን እኮ ወር አለፈው» አለች ዘርፌ። «ያስጠራንዎት ለእሱ አይደል?»

አብደላ የሁለቱንም ክዳን ከፈተ። የሪባን መጠቅለያዎቹ ባዷቸውን ነበሩ። ፊደሎቹ ግን ያንጠባጥባሉ።