የሴት ጉድጓድ

ሳጅኑ አፍንጫውን ይዞ ከሩቅ ቆሞ፣ የነስሩን እህት የጓሮውን የቆጮ ጉድጓድ አስከፈታት። ከቆጮው ሥር ከጎረቤት የጠፋው የወርቅ ሀብል በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ሲወጣ ነስሩ አልደነገጠም፤ ደከመው እንጂ። በቡታጅራ ዶሮ እንኳ ሲጠፋ መጀመሪያ አንገቱን የሚታነቀው እሱ ነበር።

"ሳጅን፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም። አንተም የመስቃን ልጅ ነህ፤ ወንድ ልጅ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ እጁን ሲከት አይተህ ታውቃለህ?"

 ሳጅኑ ራሱ እንኳ ጉድጓዱን መቅረብ ነውር ሆኖበት ነው ከሩቅ የቆመው። ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ እህትየዋ ዞረ። እሷም እስከ ክርኗ የጨቀየ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ "የሰረቅኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ተዉት" አለች።

ሳጅኑ ከት ብሎ ሳቀ። "እህት ማለት እንዲህ ናት! አንቺ ደግሞ ምን በወጣሽ ትሰርቂያለሽ? በይ እጅሽን ታጠቢና ምሳውን ጣቢያ አምጪለት።"

እህቱ እንደገና አፏን ስትከፍት ነስሩ በዓይኑ ዝም አሰኛት። ከዚያ ካቴናው ገና ከሳጅኑ ወገብ ሳይፈታ ሁለት እጁን ዘረጋ። እጁ ቆጮ ቆጮ አይሸትም ነበር፤ ግን ማን ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል?