ሽቦ አያጠብቅም

ያቺን ወረቀት ያነበበልኝን ሰውዬ ለአስራ ዘጠኝ ዓመት ሳልረግመው ያደርኩበት ቀን የለም። ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ሲያንኳኳ ስለሚውል ሰዉ ግንደ ቆርቁር ይለው ነበር። ዛሬም ያው የቴሌግራም ቤቱ መስኮት ውስጥ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ መነጽር ጨምሯል። ከጀርባዬ፣ አዲሱ የስልክ ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ሰው “ሃሎ፣ ይሰማል?” እያለ ይጮሃል።

ወረቀቷን ከጉያዬ አውጥቼ በመስኮቱ አሾለክኋት። ሦስት ቃል ናት፤ እጥፋቷ ላይ ተበልታለች።

“ያንብቡልኝ።”

“ነይ። አለች እናትሽ” ብሎ አነበበ፣ ለ’ን ጠበቅ አድርጎ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው።

ያኔ እናቴ ታማ፣ እኔ ሦስት ቀን እዚህ መስኮት ላይ “አለች ይሆን?” እያልኩ ስመላለስ ከርሜ ነበር። አለች ከተባለማ ምን ያጣድፈኛል? ልብስ አጥቤ፣ ልጆቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ በሳምንቱ ሄድኩ። የመቃብሩ አፈር ገና አልደረቀም። አጎቴ “ነይ አለች ብዬ ልኬልሽ!” ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ውሸታሙን ለመያዝ ስል በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጠርኩ። ወረቀቷን ሳነባት የጎደለ ነገር የለም። የፊደል አስተማሪዬ ናት የነገረችኝ፤ “አለች” ሲጠብቅ መኖር፣ ሲላላ መናገር።

“አላልተው ያንብቡት” አልኩት።

በከንፈሩ ብቻ ሞከራት። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

“እህት ዓለም፣ ሽቦ አያጠብቅም፣ አያላላም። ነጥብና መስመር ነው የሚያመጣው።”

“እርስዎስ?”

“ሁለቱም መጥቶልኝ ነበር” አለ። “ሦስት ቀን ፊትሽን አይቼ፣ የምትፈልጊውን አነበብኩልሽ።”

ስድብ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው። አንዱም ትዝ አላለኝም።

“ጮክ ብለው ያንብቡት” አልኩ።

ስልኩ ላይ የነበረው ሰውዬ ጨርሶ ወጥቷል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ግንደ ቆርቁር ወረቀቷን በሁለት እጁ ይዞ፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ፣ ለ’ን ለቀቅ አደረጋት።

“ነይ አለች እናትሽ።”

የመስኮቱን ብረት ጨብጬ፣ “አቤት” አልኩ።