ሙጫ በሮማኑ ዛፍ ላይ

ሮዱላ፣ ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ወፍ ለማየት ወደ ቆጵሮስ የሚጎርፉትን እንግዶች እየመራች ጫካ ለጫካ መዞር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ባሕር አቋርጠው የሚመጡትን ትንንሽ ወፎች በድምፃቸው ብቻ ትለያቸዋለች። እንግዶቿን የትም ብታዞራቸው ግን፣ መጨረሻ ላይ የምታቆማቸው በሽማግሌው በቶፊስ የሮማን ማሳ አጠገብ ነበር።

ምክንያቱን መንደሩ ያውቃል። አባቷ ሃምቢስ፣ ወፍ በሙጫ የሚያጠምዱትን የሚያሳድድ የጫካ ዘብ ነበር። እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንድ ማለዳ እዚያ ማሳ ዳር ከቁጥቋጦ ውስጥ ተተኮሰበትና ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ተሸክሞ ወደ መንደር ያመጣው ቶፊስ ነው፤ ሸሚዙ በደም ርሶ። ያኔ ቶፊስ የታወቀ አጥማጅ ነበር። «ወድቆ አገኘሁት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ማስረጃ ጠፍቶ ተለቀቀ። ሮዱላ ግን አልለቀቀችውም።

እናቷ ሚሮፎራ ስለዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም። ዝምተኛ ሴት ናት። ግራ እጇ አይዘረጋም፤ ከወይራ ዛፍ ወድቃ ነው። ድሮ መውደቅ ታበዛ ነበር። ዕድሜዋ ሲገፋ እግሯ ጸናላት፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልወደቀችም።

ሰኞ ዕለት ቶፊስ አጥሩን ተደግፎ፣ በባልዲ ብርቱካን ይዞ እንግዶቹን ጠበቃቸው።

«ዛሬስ ስንት ራሰ ጥቁር ጠብሰህ በላህ?» አለችው ሮዱላ። ራሰ ጥቁር አጥማጆች ከሁሉ አብልጠው የሚሹት፣ ድንቢጥ የሚያክል ዘማሪ ወፍ ነው።

«ጥርሱ የት አለና ልጄ? ከባቄላ ጋር እንኳ በስንት ትግል ነው። ማጥመዱን ከተውኩት ሃያ ሁለት ዓመቴ።»

«ምነው፣ የሰው ዓይን ማጥፋቱ በቃህ?»

ሽማግሌው ብርቱካኑን ለእንግዶቹ አደለ። ከዚያ «እናትሽ ደህና ናት?» ሲል ጠየቃት።

ሮዱላ እንግዶቿን ጠርታ መንገዷን ቀጠለች።

በማግስቱ እቤቷ በሯን ዘግታ እንደ ዋንዛ የሚያጣብቅ ፍሬ ከማር ጋር ቀቀለች። በሙጫው አርባ ቀጫጭን እንጨት ነከረች። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሁሉንም በቶፊስ ሮማኖች ላይ ሰካቻቸው።

ጨርሳ ሳትወጣ አንድ ራሰ ጥቁር መጥቶ አረፈ። መጀመሪያ እግሩ ተያዘ። ልብረር ሲል ክንፉ፣ ክንፉን ላላቅቅ ሲል ምንቃሩ። ቁልቁል ተንጠለጠለ። ሮዱላ እንዲህ ያሉትን ወፎች በምራቋ እያራሰች በመቶ የሚቆጠሩትን አስለቅቃለች። አሁንም እጇ ሳታዝዘው ተዘረጋ። እጇን መልሳ ሰበሰበች። ባዶ እንጨት ብቻውን ሰው እንደማያስከስስ ታውቃለች። ወፉን እያየች ወደ ኋላ ሄደች።

ከሁለት ሰዓት በኋላ እንግዶቿን ይዛ ተመለሰች። አምስት ወፎች ተንጠልጥለዋል፤ ሁለቱ ሞተዋል። አንዲት ጡረተኛ እንግሊዛዊት አስተማሪ እያለቀሰች ፎቶ አነሳች። ሮዱላ ፖሊስ ጠራች።

ፖሊሶቹ እኩለ ቀን ሲቃረብ ደርሰው ቶፊስን ከነነጠላ ጫማው አመጡት።

«እንጨቶቹን ማን ሰካቸው ልትል ነው?» አለው ሳጅኑ።

ሽማግሌው እንጨቶቹን አየ። ቀጥሎ ሮዱላን አየ፤ ረጅም ጊዜ።

«ማሳው የኔ ነው» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ሮዱላ ከዚያ በቀጥታ ወደ ወላጆቿ ቤት ነው የበረረችው። ምሳ ላይ ነበሩ። ሳትቀመጥ ሁሉንም ለአባቷ ነገረችው፤ እንጨቶቹን የሰካቸው ማን እንደሆነ ብቻ አስቀረች።

«ካቴና አጠለቁለት?» አላት ሃምቢስ።

«አጠለቁለት አባዬ።»

«አለቀሰ?»

«አላለቀሰም።»

«ቆይ፣ ያለቅሳል። ያንን የወይን ጠጅ አምጪው ሚሮፎራ፤ ዛሬማ ይጠጣል።» ከዘራውን አንስቶ ወለሉን መታው።

ሚሮፎራ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ፣ ቀኝ ክንዷን ዘርግታ ቀዳችለት።

ሮዱላ ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ደረቷ ላይ የከበዳት ነገር የወረደላት መሰላት። ዳቦ ለማንሳት ስትዘረጋ የእጅጌዋ ጫፍ የገበታው ጨርቅ ላይ ተጣበቀ። ሳብ አደረገችው፤ ጨርቁ አብሮ መጣ።

እናቷ ጎንበስ ብላ እጅጌውን በጣቷ ነካች። ጣቷን አሸተተች። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ሽርጧን ፈታች፤ አጣጥፋም ወንበሩ ላይ አኖረችው።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ፖሊስ ጣቢያ» አለች ሚሮፎራ። «ተነሽ። አንቺ ስለ ሙጫው ትናገሪያለሽ፤ እኔ ደግሞ አባትሽ ላይ ስለተኮስኩት ጥይት።»