አንድ ሰው ናቸው?

እናትና ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው የሞተችውን ታላቅ እህት ፎቶዎች ይለቅማሉ። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን በየሰዉ ፊት መድቧቸዋል። ታናሿ ከፊቶቹ ዝርዝር የእህቷን ስትመርጥ፣ ከጎኑ የራሷ ፊት ብቅ አለና «እነዚህ አንድ ሰው ናቸው?» የሚል ጥያቄ መጣ።

ልጅቷ ሳቀች። «እማዬ፣ ከእሷ ጋር አምታታኝ እኮ! አይደሉም ልበለው።»

«አዎ በይው» አለች እናት።

«እንዴ፣ እማዬ!»

«በይው አልኩሽ።»

እናቷን ላለማስከፋት ብላ «አዎ» የሚለውን ተጫነች። የራሷ ምድብ ከእህቷ ጋር ተዋህዶ ከስክሪኑ ጠፋ።

አባት ከሥራ ሲገባ ልጅቷን አይቶ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ እያለቀሰ አቀፋት። «የኔ ልጅ! በሕይወት አለሽ?»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ትንሿ!»

አባት ግራ ገብቶት ወደ ሚስቱ ዞረ። «የቷ ትንሿ?»

እናት የልጇን ፀጉር በቀስታ እየደባበሰች፣ «ተዋት፣ ደክሟት ነው» አለች። «ከእሷ ሌላ መቼ ወለድንና!»